ደሙ ሳይደርቅ አንድ ገበታ ላይ ስላስቀመጥናቸው ሰዎች

ለክቡር የዓለም አቀፉ ተልዕኮ የመስክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወገብዎንም ከመንገዳችን ጉድጓዶች ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ከዚህ በፊት በውስጥ መስመር የላክኋቸውን ማሳሰቢያዎች ሁሉ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» በሚል ጨዋ መልስ ስላሰናበቷቸው ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋነት በአደባባይ አለማመስገን ንፉግነት ይሆንብኛል።

እርስዎ ቢያውቁኝም ሌላው አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ማንነቴን ልናገር። የጸጥታ ዘርፍ ማሻሻያ ፕሮግራማችንን በዚህ አካባቢ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሥራችን ፖሊሱና ሚሊሻው ከሕዝቡ ጋር ተማምነው እንዲኖሩ መርዳት ነው። ሕግ የተማርኩት አዲስ አበባ ቢሆንም ተወልጄ ያደግሁት መርሳ ነው፤ ይህን የምናገረው ለኩራት ሳይሆን ለክስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ የሚጠብቅ ናስር የሚባል ሚሊሻ፣ ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ገመዱን በጥሶ ባለፈ ባጃጅ ላይ ተኮሰ። ጥይቱ ያገኘው ከኋላ የማንጎ ችግኝ ታቅፎ የተቀመጠውን ጀብሪልን ነው። ጀብሪል ባለቤቱን ነኢማንና ታናሽ ወንድሙን ኡበይደላን ትቶ ሞተ። ናስር በዋስ ተለቆ ክሱ በፍርድ ቤት ቀጠለ። ሆኖም ፍርድ ቤት የሚዳኘው ገዳዩን ብቻ ነው፤ የገዳይና የሟች ዘመዶች ተራ በተራ እንዳይጫረሱ የሚያደርጉት አበጋሮቹ፣ ማለትም ደም የሚያደርቁት የእርቅ ሽማግሌዎቻችን ናቸው። ስለዚህ ናስር በሥርዓቱ መሠረት መርሳን ለቅቆ ሲሪንቃ አክስቱ ዘንድ ተቀመጠ። ገበያ አይወጣም፤ የሟች ዘመዶች በሚያልፉበት አያልፍም። እርቁ ሳይፈጸም ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ አይቆርሱም፤ ከቆረሱ ባለ ደም የሆነው የሟች ወገን የወንድሙን ደም በላ ይባላል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ. ሸህ አብዱሰመድና አቶ ሙላቱ የመሯቸው ሽማግሌዎች ኡበይደላ ደጃፍ ሄደው በተደጋጋሚ «አልሰማችሁም፣ ተመለሱ» ስለተባሉ፣ እርስዎ ባህላዊው ሽምግልና እንዳልሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለወሰኑልን እናመሰግናለን። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ግን በግምገማዎ ውስጥ የለም፤ ባለ ደም እምቢ ማለት አለበት። እምቢታው ለሟቹ የሚከፈል ክብር ነው፤ ሽማግሌውም ሲባረር ደስ እያለው ይመለሳል፣ ምክንያቱም ነገሩ በመንገዱ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ወንድም ያለው ሟች ነው የሚያሳዝነው። ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ በሄዱ ዕለት ኡበይደላ ውሃ አስቀርቦላቸው ነበር። ውሃ ማስቀረብ የእርቁ በር ተከፈተ ማለት እንደሆነ በዝርዝር ጽፌልዎት ደርሶዎታል፤ አመስግነዋልም።

፪ኛ. ለፕሮግራሙ ገንዘብ የለገሱን ወገኖች ተወካዮች ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ ወልድያ ሆቴል ውስጥ የመተማመን አውደ ጥናት ስላዘጋጁልን፣ ተሳታፊዎችም ተደባልቀው እንዲቀመጡ ስላዘዙ እናመሰግናለን። ነኢማ፣ ኡበይደላና ናስር አንድ ክብ ጠረጴዛ ደረሳቸው። ምሳ ሲቀርብ ሩዝና ሥጋ የተከመረበት ትሪ መሐላቸው ተቀመጠ፤ እንግዶቹ ቆመው እያዩ ነበርና እጅ ተዘረጋ። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሱ። ያ ፎቶግራፍ ዛሬ ከመርሳ መናኸሪያ ፊት ለፊት በትልቅ ሰሌዳ ላይ «መተማመን ከዚህ ይጀምራል» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተሰቅሏል። ከደሴ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ከአውቶብስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው ኡበይደላ ከወንድሙ ገዳይ ጋር ሲጎርስ ነው። ሰሌዳው ዝናብ የማያደበዝዘው ዓይነት ስለሆነ ስለ ጥራቱም አመሰግናለሁ።

፫ኛ. እርቁ ተፈጽሟል ብለው ለበላዮችዎ ስላስታወቁ፣ ናስር ለመተማመኑ ማሳያ ወደዚያው ኬላ ተመልሶ እንዲቆም ከወረዳው ጋር ስለተነጋገሩልን እናመሰግናለን። የኡበይደላ እርሻ ከኬላው ማዶ ነው። በሬዎቹን ይዞ ማለፍ ያለበት ናስር በያዘው ገመድ ሥር ነው። ስለዚህ አሁን በገደሉ ሥር፣ በወንዙ ዞሮ ይሄዳል። ገበያ ሲወጣ ደግሞ ሽንኩርት ሻጮቹ «ኡበይደላ፣ የወንድምህ ሥጋ ጨው በዝቶበት ነበር እንዴ?» ይሉታል። አንዱ ቀልደኛ «ለዱዓ ስንጠራህ ከነትሪህ ና» ብሎታል፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ኡበይደላም አብሮ ሳቀ። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ለጁምዓ ሶላት አልወጣም። ሸህ አብዱሰመድ ሊያጽናኑት ቢሄዱ «አባባ፣ ስሜን የሚመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ» አላቸው። ያ አንድ ነገር ምን እንደሆነ እዚህ አገር ሕፃን ልጅም ይገባዋል። ሸሁ እንደገና ሽምግልናውን እንዲያነሱ ብለምናቸው ደግሞ «ምን ቀረንና ልጄ? በሉ እኮ! የበላ ሰው ይታረቃል እንዴ?» አሉኝ።

፬ኛ. ይህ ምስጋና ለእርስዎ አይደለም፤ በስሕተት ወደ እርስዎ እንዳይደርስ ለባለቤቱ ልስጠው። ወንበሮቹን የደለደልኩት እኔ ነኝ። ትእዛዙ «ይደባለቁ» የሚል ብቻ ነበር፤ እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው የእኔ እጅ ነው። ሥርዓቱን አውቅ ነበር። አውቄም ዝም ያልኩት እርስዎ ፊት፣ እንግዶቹም ፊት፣ የሰፈሩን ልማድ ከሙያው የሚያስቀድም የገጠር ሰው እንዳልመስል ነው። ነኢማ ከመቀመጧ በፊት ወደ እኔ መጥታ «ጋሼ ፍፁም፣ አንቱ ያሉበት ነገር ነው፤ ነውር የለበትም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለበትም፣ ተቀመጪ» አልኳት። ያመነችው የእርስዎን ተልዕኮ አልነበረም፤ አንድም ቀን ስሙን በትክክል ጠርታው አታውቅም። ያመነችው በልጅነቱ ከአባቷ ማሳ ፓፓያ ሲሰርቅ እየተያዘ ያደገውን የአዳነን ልጅ፣ እኔን ነው። ስለ መተማመን ብዙ ሥልጠና ሰጥቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ያየሁት ግን ወንበሩን ስባ ስትቀመጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥታ ነበር። አልተቆጣችም፤ ቢሆንልኝ በቁጣዋ እረፍት አገኝ ነበር። «አንዱን ቀብሬያለሁ» አለችኝ። «አሁን ኡበይደላን ለወህኒ፣ ያንን ልጅ ለመቃብር አትስጡብኝ። ናስርም እናት አለው።» ባሏን ለገደለው ሰው እንኳ የምታስበው እሷ ስትሆን፣ ለማሰብ ደመወዝ የምንቀበለው እኔና እርስዎ መሆናችንን ልብ እንዲሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት ናስርን ከኬላው አንስቼ ወደ ሲሪንቃ መልሼዋለሁ። ሥልጣኑ የለኝም፤ ሲያሰናብቱኝ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ሊያነሱት ይችላሉ። ሰሌዳውንም የሰፈር ሰዎች ይዤ አውርጄዋለሁ፤ ብረቱ የተልዕኮው ንብረት ስለሆነ በጥንቃቄ አስቀምጬዋለሁ።

ይህ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ኡበይደላ ስሙን ካላገኘ ሲሪንቃ ሩቅ አይደለችም። ትናንት ሽማግሌዎቹን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው፤ ተማክረው አቶ ሙላቱ መልሱን ነገሩኝ። «ስማ ያዳነ ልጅ፣ ይህ ደም ሦስተኛ ወገን ገብቶበታል። ገዳይ አለ፣ ባለ ደም አለ፣ አሁን ደግሞ ደሙን ከወጥ ጋር የቀላቀለ አለ። እሱ መጥቶ ካልወደቀ እኛ ደጅ አንረግጥም።» የሚፈልጉት ይህን ነው፤ በመጪው የመርሳ ገበያ ቀን ደሙን ከወጥ ያቀላቀልነው እኔና እርስዎ ድንጋይ በአንገታችን ተሸክመን በሕዝብ መሐል እንድናልፍ፣ ነኢማና ኡበይደላ እግር ሥር ወድቀንም «እናንተ ደም አልሸጣችሁም፤ ያታለልናችሁ እኛ ነን» ብለን ጮክ ብለን እንድንናገር። ይህ ሲሆን ኡበይደላ እንደገና እምቢ የማለት መብቱን ያገኛል። እምቢ ሲል ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ፣ አንድ ቀንም ውሃ ይቀርብላቸዋል። ከዚህ ያጠረ መንገድ እኛ ሞክረነዋል።

እኔ እገኛለሁ። እርስዎም እንዲገኙልኝ፣ በዚያ ቀን ሌላ ስብሰባ ቢኖርብዎም ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፉልኝ እማጸናለሁ።

ለእውቀትዎ ጥልቀት፣ ለትዕግሥትዎ ስፋት፣ በተለይም ስለ አገራችን ለኛ ላስረዱን ነገር ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ እስከዚያች ገበያ ቀን ድረስ ታዛዥዎ የሆንኩት፣

ፍፁም አዳነ
የፕሮግራሙ አስተዳዳሪ
መርሳ

ማስታወሻ፦ የጥይት መከላከያ ሰደሪያዎን ለብሰው እንዳይመጡ አደራ፤ ድንጋዩ አንገት ላይ በደንብ አይቀመጥም። ሁለቱንም ድንጋዮች ከወንዙ ዳር ራሴ መርጫለሁ። ቀላሉ የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ነግሬዎት አልሰሙም እንጂ እዚህ አገር አልተወለዱም። ከባዱን ማንም እንዳያግዘኝ ለሽማግሌዎቹ ነግሬያለሁ።