ማኅሌት ላይ ያዘልኳት ልጅ

ረቡዕ

ዛሬም ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና አየችኝ እንጂ አልቀረበችኝም። እንጦጦ አዲሱ ደብር ሳገለግል ዓመት አልፎኛል። ስሄድ ጡት ያልጣለችው ልጄ ትርንጎ፣ ከእናቷ ጋር ልወስዳት አንኮበር ስመለስ አፏን ፈትታ ጠበቀችኝ፤ ግን የምትለው «እንግዳው መቼ ነው የሚሄደው?» ነው። አባዬ የምትለው አያቷን ነው። ሚስቴ አስካለ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሳቅሁም።

ሐሙስ

አማቴ መርጌታ አስጠሩኝ። ሚስትህን ይዘህ ሂድ፣ ልጅቱ ግን አልለመደችህምና እዚሁ ትደግ አሉኝ። ክፋት አይደለም። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከዞሩ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላለች፤ ቤታቸው ባዶ እንዳይሆን ፈርተው ነው። «ሰኞ እስክንነሣ ትለምደኛለች» ብዬ ወጣሁ። ድፍረቴ!

ማር ሰጠኋት፤ ልሳ ሄደች። በቅሎ ላይ ላስቀምጣት ስል ጮኸች። ባዜምላት ጆሮዋን ያዘች፤ ያውም እንጦጦ ስንቱ የሚያመሰግነኝን ድምፅ!

ቅዳሜ

አስካለ ውሃ እንደወረደች ትርንጎን እሾህ ወጋት። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። እንደምንም አወጣሁላት። እንባዋን ሳትጠርግ «እዘለኝ» አለች።

ወንድ ልጅ አያዝልም፣ ደብተራማ ጭራሽ። ደጁን ግራ ቀኝ አየሁና በጋቢዬ አዘልኳት። ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ ዝም አለች። አስካለ እንስራዋን ይዛ ስትደርስ እንኳ አልወርድም አለች። ደስታዬን የት ላድርገው!

እሑድ

የሚካኤል ንግሥ ነበር። ታቦቱ ወጥቶ ወረብ ላይ ነን። ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል አምልጣ ወደ እኛ ሮጠች። ሁላችንም ነጭ ለብሰን፣ ነጭ ጠምጥመን፣ መቋሚያ ይዘናል። ከፊት የቆሙት መርጌታ እጃቸውን ዘረጉላት። አልፋቸው መጥታ የእኔን እግር ያዘች። ልታዘል ነው!

ዜማው ጠፋኝ። ሕዝቡ ሁሉ ያያል። አንዱ ደብተራ «ሞግዚት ሆነህ መጣህ እንዴ?» አለኝ። ነጠላዬን ፈትቼ አዘልኳትና ጸናጽሌን አነሣሁ። ሰው ሳቀ፤ ይሳቅ። እንደዛሬ ኮርቼ አላውቅም። ስንወዛወዝ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መርጌታ ጥለውን ቀደሙ። ኩራቴ ትንሽ ቀዘቀዘ። እቤት ስንደርስ የራሳቸውን ወፍራም ጋቢ አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

«መንገዱ ብርድ ነው» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «በዚህ እዘላት።»