በእሳት የደረቁት አርባ ኮርቻዎች፦ የአቶ ሞረዳ ኩማ የሕይወት ታሪክ

ይህ ታሪክ ጥር 27 ቀን 1955 ዓ.ም. በነቀምቴ ከተማ በሟች ቤት፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ አሰፋች፣ ልጃቸው አቶ ዋጋሪና የወንድማቸው ሚስት ወ/ሮ ድርቤ ባሉበት ተነግሮ ተጻፈ። ወ/ሮ ድርቤ የተናገሩትም በጉባኤ እንዲነበብ ራሳቸው ፈቅደዋል።

አቶ ሞረዳ ከአባታቸው ከአቶ ኩማ ባይሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኩሌ ነመራ በ1880 ዓ.ም. ጉቴ አካባቢ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ነቀምቴ መጥተው ከአጎታቸው ዘንድ የኮርቻ ሥራ ተማሩ። ፊደል የቆጠሩት ዘግይተው፣ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ነው።

ኮርቻ ሲሠሩ የዋንዛ እንጨት ጠርበው ያጋጥማሉ፤ ርጥብ የበሬ ቆዳ አልብሰው በጠፍር ይሰፉታል፤ ከዚያም ሃያ አንድ ቀን በጥላ ያደርቁታል። ቶሎ የደረቀ ቆዳ እንጨቱን ጨምድዶ ይሰነጥቀዋልና።

በ1909 ዓ.ም. መግቢያ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ አንድ የጦር ሹም ከሸዋ መጥተው ለዘማቹ አርባ ኮርቻ አዘዙ። ሹሙ ሲያስጠሯቸው አቶ ሞረዳ ከሥራ መነሣት ስላልቻሉ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ነገራን ላኩ።

ሹሙም «ወንድምህ ምን ሆኖ ቀረ?» አሏቸው።

አቶ ነገራ አማርኛ ብዙ አያውቁም ነበርና «ኮራ!» ብለው መለሱ። ኮራ በኦሮምኛ ኮርቻ ነው፤ ኮርቻ እየሠራ ነው ማለታቸው ነበር። ሹሙ ግን በአማርኛ ሰሙት።

«ኮራ? በማን ላይ ነው የሚኮራው? በስምንት ቀን ያስረክብ! ካላስረከበ ኩራቱን በጅራፍ አበርድለታለሁ!»

አቶ ሞረዳ እያዘኑ ቆዳውን በእሳት አደረቁ። አርባውንም ኮርቻ በስምንተኛው ቀን አስረከቡ። አቶ ነገራም ሲዘምቱ ከአርባው አንዱን ጫኑ። ወደ ጊቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የኮርቻው እንጨት ተሰንጥቆ ፈረሱን ወጋው። ፈረሱ ሲደነብር አቶ ነገራ ወድቀው ሞቱ። ጦርነቱ ካለበት አልደረሱም።

የአቶ ነገራ ሚስት ወ/ሮ ድርቤ በሽማግሌ ፊት ይቅር ብለዋል፤ ነገር ግን አርባ ስድስት ዓመት የአቶ ሞረዳን ደጃፍ አልረገጡም። አቶ ሞረዳ በየዓመቱ ሽማግሌ ይልኩ ነበር። የሚመጣላቸው መልስ «ጤና ይስጣቸው» ብቻ ነበር።

በ1913 ዓ.ም. ከወ/ሮ አሰፋች ተረፈ ጋር ተጋብተው ዋጋሪንና የሺአረግን ወለዱ። ከዚያ ዘመቻ ወዲህ በእሳት የደረቀ ኮርቻ ከእጃቸው አልወጣም። የቸኮለ ገበያተኛ ሲመጣባቸው «ጌታው፣ ሌላ ቤት ሞክር» ይሉ ነበር።

ባለፈው ኅዳር በሳል ታመው ተኙ። ጥር 24 ቀን ወ/ሮ ድርቤ ሳይጠሩ ገቡና አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ኦቦ ሞረዳ፣ ነገራ ኮርቻውን ሲጭን ስንጥቁን አይቶት ነበር። ‹ብናገር ሞረዳን ይገርፉታል› ብሎኝ ወጣበት። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩዎት። አሁን እርስዎ ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

አቶ ሞረዳ ዓይናቸውን ገልጠው አዩአቸው። ጥር 26 ቀን ንጋት ላይ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሰባት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ተቀብሎ ከወንድማቸው ጋር ያገናኝልን።

ወ/ሮ ድርቤ ጥር 24 ቀን ከገቡ ወዲህ ወደ ራሳቸው ቤት አልተመለሱም፤ እዚሁ በሟች ቤት ናቸው።