ከንፈር ገልጦ ማየት ክልክል ነው

ማክሰኞ
አለቀ። ከአንድ ሰዓት በላይ አፌን ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተጋደምኩ። ድዴ ሸሽቶ የሁለቱ የታች የፊት ጥርሶቼ ሥር ተጋልጦ ነበር፤ ዶክተሯ ከላንቃዬ ቁራጭ ሥጋ አንስታ እዚያ ሰፋችው። ካልያዘ ጥርሶቼን ላጣቸው እንደምችል አልደበቀችኝም። ትእዛዟ፦ ትኩስ የለም፣ በርበሬ የለም፣ እዚያ ጋ መቦረሽ የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከንፈር ገልጦ ማየት የለም። «ሥጋው ከተነቃነቀ አይይዝም» አለች።

ሳሪስ ካለው ክሊኒክ እስከ ቤቴ ኮዬ ፈጬ ድረስ አፌን በነጠላ ሸፍኜ በታክሲ መጣሁ። «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ የረዳቱን ትከሻ መታ መታ አደረግሁ።

ረቡዕ
ከድዴ ይልቅ ላንቃዬ ያመኛል። አገጬ አብጧል። ምግቤ፦ የቀዘቀዘ አጥሚት፣ እርጎ፣ እንደገና አጥሚት።

ከታችኛው ፎቅ እትዬ ዘነበች ሊጠይቁኝ መጡ። «ምኑ ላይ ነው የሰፉሽ? እስቲ አሳዪኝ» አሉ። ሊጠይቅ የመጣን ሰው እምቢ ማለት አልችልበትም፤ ገለጥኩ። ሥራዬ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት መመርመር ነውና እኔም በመስታወት አየሁት። እኩል፣ ጥብቅ፣ እንከን የለሽ። ኮራሁበት። ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ገለጥኩ።

ሐሙስ
ጠዋት ትራሴ ላይ ደም። አንዱ ክር ላልቷል፣ ሥጋው ነጥቷል። ራሴን እየረገምኩ ሳሪስ ሄድኩ።

«ገልጠሽዋል?» አለች ዶክተሯ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ለስንት ሰው?» እጇ አፌ ውስጥ ስለነበር ሰባት ጣት አነሳሁ። አልሳቀችም። አንድ ክር ጨመረችና መያዙን ማክሰኞ እናውቃለን አለችኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ የፊት ጥርስ ማጣት። ፈራሁ።

ዓርብ
እትዬ ዘነበች ጥፋቱን በራሳቸው አድርገውታል። ደረጃው ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠው ጠያቂውን ሁሉ ይመልሳሉ። «ደህና ናት። የሚታይ ነገር የላትም» ሲሉ ይሰማኛል። አጥሚቱን እንኳ በር ላይ አቀብለውኝ፣ አፌን እንዳያዩ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። እንዴት እንደምወዳቸው።

መስታወቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ማክሰኞ
ዶክተሯ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ቀልቷል፤ ደም እየደረሰው ነው። ይዟል» አለች። አንደኛው ጥርስ ላይ ትንሽ ሥር አሁንም ይታያል፤ እሱ ይሸፈን እንደሆነ በወራት ነው የሚለየው። ይሁን።

ከክሊኒኩ እንደወጣሁ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። መረቁኝ፣ አመሰገኑ፣ ደግመው መረቁኝ። «እስቲ እንግዲህ ስትመጪ...» ብለው ጀመሩና ዝም አሉ። እኔም ከንፈሬን ሳልከፍት ሳቅኩ።