ባለ ገመዱ አባታችን፣ ማሳ ሲለኩ የኖሩት

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከሰባት ልጆች አራተኛ ሆነው ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከቤታቸው ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ነው። ቅርብ ነው እያሉ ሁልጊዜ ያረፍዱ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ዛሬም ይመሰክራሉ። ያም ሆኖ ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት አጠናቀው ግብርና ኮሌጅ ገቡ።

በሃያ አራት ዓመታቸው ግብርና ቢሮ ተቀጠሩ። ሥራቸው ገበሬው የተመከረውን አዲስ አሠራር፣ በተለይም በመስመር መዝራትን፣ ምን ያህል እንደተቀበለው መለካት ነበር። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ስፋት የሚለኩበት ገመድ ከትከሻቸው ስለማይወርድ፣ በየመንደሩ የሚታወቁት ባለ ገመዱ ተብለው ነው። የቢሮው መኪና ሾፌር መንደሩ ጫፍ ሲደርስ ክላክስ ያደርጋል፤ ገበሬዎቹ ግልብጥ ብለው ወጥተው ይቀበሏቸዋል፤ መንገድ ዳር ያለውን ማሳም ያስጎበኟቸዋል። እውነትም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተስተካከለ መስመር ነበር። አባታችን ከአሥር ገበሬ ዘጠኙ ተቀብሏል ብለው ጻፉ። ቢሮው አጨበጨበላቸው፤ የቡድን መሪነትም ታሰበላቸው።

በዚያው ሰሞን እናታችን፣ ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ባለሙያ፣ እነዚያኑ መንደሮች ለብቻቸው ለክተው የተቀበሉት ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ናቸው ብለው ቁጭ አሉ። ቢሮው ውስጥ ጉድ ተባለ። ቅጹን ቤቷ ተቀምጣ ነው የሞላችው ተብሎም የስንብት ደብዳቤያቸው ተረቀቀ።

አባታችን መቼም እልኸኛ ናቸው። የዚችን ልጅ ውሸት ካላጋለጥኩ ብለው፣ መኪናውን ትተው፣ ለማንም ሳይናገሩ በእግራቸው ሄዱ። ከቤቶቹ ኋላ ሲደርሱ ማሳው ሁሉ እንደ ድሮው ተበትኖ የተዘራ ነው። አንድ ገበሬ ምንም ሳይደብቁ፣ መንገድ ዳሩን በመስመር የዘራነው እርስዎ ሲመጡ ደስ እንዲልዎት ብለን ነው፣ ሁሉንም ማሳ በመስመር እንዝራ ብንል ጉልበቱ ከየት ይመጣል ብለው አስረዷቸው። አባታችን እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በራሳቸው ሳቁ።

ነገሩ ግን በሳቅ የሚያልፍ አልነበረም። ዝም ቢሉ ሹመቱ የእሳቸው ነው፤ እናታችን ግን ከሥራ ይባረራሉ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «የእሷ ልኬት ትክክል ነው፤ የእኔን የለካው ክላክሱ ነው» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አለቃው አልሳቁም። ሹመቱ ቀረ፤ ደብዳቤው ግን ተቀደደ። እናታችን ለምስጋና ምሳ ጋበዝኩት ይላሉ፤ አባታችን ደግሞ ጋባዡ እኔ ነኝ ባይ ነበሩ። በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም የሚለኩት በእግር እየዞሩ፣ ያልተቀበለውንም ለምን ብለው እየጠየቁ ነበር። ችግሩ ጉልበት መሆኑን ደጋግመው በመጻፋቸው በእጅ የሚገፋ መዝሪያ ለየመንደሩ ተዳረሰ፤ ያን ጊዜ መስመሩ ከቤት ኋላም ታየ። አባታችን ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። ራሳቸው ግን አዲስ ነገር በጄ አይሉም ነበር። የገዛንላቸውን ስልክ ከነካርቶኑ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጠው ኖረዋል፤ እናታችንም የቤታችን ልኬት ዜሮ ነው እያሉ ሲቀልዱባቸው ኖረዋል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ እናታችን እጃቸውን እንደያዟቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች አይተዋል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እናታችንን ስለ እርስዎ ምን እንጻፍ አልናቸው። «ያልኩትን የሚያምን ሰው ነበረኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ታምኜ ኖርኩ፤ ይህንኑ ጻፉልኝ» አሉን።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በቸርነቱ ይቀበልልን፤ እናታችንንም ያጽናልን።