ሦስተኛው ቢላ

ሰኞ

አሁንም ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ከዳባት ያመጣነው አሮጌ የእንጨት መላጊያ ማሽን ሲነሳ ወለሉ ሳይቀር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሳንቃውን ማለስለስ ሲገባው የበግ ጎድን አስመስሎ ያወጣዋል። የእጅ መከላከያም የለው፤ ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል።

አባዬ የቤተ ክርስቲያኑን በር ለንግሡ አደርሳለሁ ብለው ቃል ገብተዋል። ዕድሜ ልካቸውን በእጅ መላጊያ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ዘንድሮ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ማሽኑን የገዛነውም ለዚሁ ነው። "አሮጌ ከአሮጌ ይስማማል" ብለው ይቀልዳሉ። እኔ አልሳቅሁም።

ማክሰኞ

ትንሽ ድል። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ቀጥ ያለ ብረት ገበታው ላይ አጋድሜ፣ ቢላዎቹን በእጄ እያዞርኩ ለካሁ። ሦስት ናቸው። ሁለቱ ብረቱን አይነኩም። ሦስተኛው ብቻ የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ይነካል። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው ማለት ነው፤ ጎድን ጎድኑም የመጣው ከዚያ ነው።

የማሽኑን ባለቤት ልጠይቅ ደወልኩ። ታደለ ይባላል፤ በዓይኔ አላየሁትም፣ የሸጠልን ታላቅ ወንድሙ አዲሱ ነው። ስልኩን ያነሳውም አዲሱ ነው። "ታደለ ጠበል ገብቷል፤ ስልክ አይነካም" አለኝ። ቅዳሜ ግን ለሥራ ሑመራ ወርዷል ብሎን ነበር።

ለምን ይዋሻል?

ረቡዕ

ሦስተኛውን ቢላ ፈታሁት። የሌላ ማሽን ነው፤ ቀጠን ይላል። ከሚይዙት አራት ብሎኖች የሁለቱ ጥርስ ተበልቷል፤ ሳጠብቃቸው ዝም ብለው ይዞራሉ።

ብሎኑ ጎንደር ካልሆነ አይገኝም። አባዬ ግን "አጥብቀሽ እሰሪው፤ ለአንድ በር ይበቃናል" አሉ። መልሼ ገጠምኩት፤ ቁመቱንም ከሁለቱ ጋር አስተካከልኩ። ሩቅ ቆሜ አስነሳሁት። ጸጥ ብሎ ዞረ። ብሎኖቹ እንደማይዙት አውቃለሁና ጸጥታው ደስ አላለኝም።

ነገ ዳባት ሄጄ ታደለን ራሱን እጠይቃለሁ። "አባዬ፣ እስክመለስ እንዳይነኩት" አልኳቸው። "እሺ" አሉ። የእሳቸውን እሺ አውቀዋለሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ዳባት እነታደለ ቤት ደረስኩ።

የታደለ እናት አልጋ ላይ ናቸው፤ ልባቸው ደካማ ነው። ገና ስገባ "ከታደለ ዘንድ ነው የመጣሽው ልጄ? መቼ እመጣለሁ አለ?" አሉኝ። አዲሱ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ደጅ ላይ አንዲት ጎረቤት ጥቁር ሻሿን ፈትታ፣ ነጭ አስራ ወደ ውስጥ ስትገባ አየሁ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ታደለ ሞቷል። አዲሱ ሁሉን ነገረኝ፤ በማሽኑ ሲሠራ ቢላው ወልቆ ጎኑን መታው። ጎንደር ወስደውት እዚያው አረፈ፤ እዚያው ተቀበረ። ለእናቱ መርዶው አልተነገረም፤ እስኪበረቱ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይዟል። እናትየው ማሽኑ ቆሞ አይተው ስለ ታደለ እንዳይጠይቁ አዲሱ በወለቀው ፋንታ ሌላ ቢላ ገጥሞ ሸጠልን።

"ለምን አልነገርከኝም? አባቴ እኮ ሊሠሩበት ነው" አልኩት።

"እናቴ ያልሰማችውን ለባዳ እንዴት ላውጣው?" አለ።

ክፋት አላየሁበትም። ቢሆንም በጥፊ ልመታው ቃጥቶኝ ነበር። ለማንም እንዳልናገር በሚካኤል አስማለኝ፤ ማልኩለት።

ለአባዬ ደወልኩ፤ አያነሱም። ወደ ቤት ተመልሼ ደባርቅ ስደርስ የማሽኑ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። ሮጥኩ። አጎንብሰውበታል። ሶኬቱን ነቀልኩት።

"ምን ሆነሻል? እየለሰለሰልኝ እኮ ነው" አሉ።

ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሊሰበር ነው ብዬ ዋሸሁ። "ኩሽኔታ እኔም አውቃለሁ፤ ወዲህ በይው" ብለው ሶኬቱን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። መሐላዬን አፈረስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ኮፍያቸውን አወለቁ። "እናቲቱስ?" አሉ። አልሰሙም አልኳቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

ዓርብ

ስነቃ የአባዬ አልጋ ባዶ ነው። ጋቢያቸውም የለም። ቤተ ክርስቲያን ናቸው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቅዳሴው ወጥቶም አልመጡም። ዳባት እናቲቱ ዘንድ እንደሄዱ ገባኝ። እኒያ ሴት አንድ ነገር ቢሆኑ የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

ረፋዱ ላይ አዲሱ ደወለ። ፈርቼ ተውኩት። ሁለተኛ ሲደውል አነሳሁ።

"እናቴ ሰማች" አለ። "አባትሽ ናቸው የነገሯት።"

"እናትህስ? በሕይወት አሉ?"

"እያለቀሰች ነው። የአባትሽን እጅ ይዛ አለቅም ብላለች።" ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። "እኔም ወንድሜን ዛሬ ገና አለቀስኩት።"

ከጀርባው የሴቶቹ ልቅሶ ይሰማል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ዳባት ልሄድ ነው።