ዓሣ ነባሪ ከገመድ ይፈቱ የነበሩት የአቶ ዳኛቸው ይመር የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳኛቸው ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወይንሸት ካሳ በ1946 ዓ.ም. በወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሐይቅና በደሴ ተከታተሉ። አባታቸው እርሻውን እንዲረከቡላቸው ቢመኙም እሳቸው ከውሃው ዳር አልነቀል ብለው በ1965 ዓ.ም. ምጽዋ ወረዱና የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኑ።

በ1976 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ ተሰማን አግብተው ልጃቸውን ሊዲን ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. ከአሰብ ወደ የመን ተሻገሩ፤ ከዓመታት እንግልት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1994 ከነቤተሰባቸው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ከተማ ገቡ። በዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ የአንድ አየር መንገድ ሻንጣ ጫኝ ሆነው እስከ ሕመማቸው ድረስ ሠሩ።

እዚህ ላይ ሁላችሁም የምታውቁት፣ አንዳንዶቻችሁም ያማችሁበት ጉዳይ ይመጣል። ቤተሰቡ አይደብቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2002 አቶ ዳኛቸው ለሠርግ ካሊፎርኒያ ሄደው ሳለ፣ የሸርጣን ማጥመጃ ገመድ የተጠመጠመባቸውን ዓሣ ነባሪዎች ከሚፈቱ በጎ ፈቃደኞች ጋር ተዋወቁ፤ ሥልጠናውንም ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ነባሪዎቹ በሚያልፉበት ወራት የዓመት ፈቃዳቸውን እየወሰዱ፣ በሠራተኛ ቲኬት ትርፍ ወንበር እስኪገኝ እየጠበቁ ይሄዱ ነበር። ሥራው እንደሚወራው ዘሎ ውሃ መግባት አይደለም፤ የገባ ይሞታል። በጎማ ጀልባ ይጠጋሉ፣ በሚጎተተው ገመድ ላይ ትልልቅ ተንሳፋፊ ኳሶች ያስራሉ፣ እንስሳው እስኪደክም ይከተሉታል። ከዚያ በረጅም ዘንግ ጫፍ ባለ ቆልማማ ቢላ ገመዱን ይቆርጣሉ። ቢላውን የሚይዙት አቶ ዳኛቸው ነበሩ።

“ሰው ተቸግሮ ሳለ ለዓሣ ይደክማል” ተብለው ታሙ። “መርከበኛ የጭንቅ ምልክት አይቶ ዞሮ አይሄድም፣ የማን ጭንቅ እንደሆነም አይጠይቅም” ነበር መልሳቸው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2006 የወይዘሮ መዓዛ ወንድም አቶ ኃይሌ እዚሁ ኦሮራ አረፉ። አቶ ዳኛቸው ያን ጊዜ ካሊፎርኒያ ነበሩ፤ ለቀብሩ ሊመለሱ ሻንጣቸውን ይዘው ሳለ፣ ገመድ አፏን ያሰራት እናት ዓሣ ነባሪ ከነልጇ ታየች። ማዕበል እየመጣ ስለነበር ያ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን አልነበራትም። ቀብር ቀሩ። ገመዱ ተቆረጠ፤ እናትና ልጅ ወደ ሰሜን ሄዱ፤ እሳቸውም በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ደረሱ።

አንድ ሽማግሌ፣ “አንተ ሰው፣ አማችህን ለዓሣ ለወጥከው?” አሉ።

አቶ ዳኛቸው፣ “ኃይሌን የምትቀብሩ እናንተ ነበራችሁ። እሷ ገና ትተነፍስ ነበር፤ ከእኛ በቀርም ሰው አልነበራትም” አሏቸው። ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ኃይሌን ከልባቸው ይወዱት ነበርና።

ሠርግ መጠራት ቀረ። የሰንበቴ ተራ አለፋቸው። የሰው ቀብር የቀረ ለራሱ ቀባሪ ያጣል ተብሎም በኮልፋክስ ጎዳና ባሉት የአበሻ ሱቆች ተወራ። ወይዘሮ መዓዛም ተቀይመው ከረሙ፤ የወንድም ነገር ነው፣ ማን ይፈርድባቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት ግን አብረው ሄደው በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ ባላቸውን ያማ ሰው ደጃቸውን እንዳይረግጥ አሉ። ሊዲም ሠልጥና ከአባቷ ጋር ጀልባው ላይ ተሳፈረች።

አቶ ዳኛቸው በቆሽት ካንሰር ታመው ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 7 ቀን 2001 ዓ.ም. በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ መዓዛን፣ ልጃቸውን ሊዲንና እህታቸውን እታለምን ትተው አልፈዋል።

ሊዲ ዛሬ እዚህ የለችም። ትናንት ጅራቱ የታሰረ ዓሣ ነባሪ ታይቶ ተደወለላት፤ ቢላ የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነበር። አባቴን ሳልቀብር እንዴት ብላ አለቀሰች። ሂጂ ያሏት እናቷ ናቸው። አየር ማረፊያ ያደረሰቻት ደግሞ ይህን የጻፈችው አክስቷ እታለም ናት። ሐሜት ያማረው ሰው ካለ ለእናቷና ለአክስቷ ይንገር፤ ሁለቱም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ቀባሪ ያጣል የተባለውን ሰው ልትቀብሩ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ባሕርን የፈጠረ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለልጃቸውም ማዕበሉን ያብርድላት።