ዲግሪው ዋጋ አለው ወይ ላልኸኝ

ወረታ፣ ሐምሌ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልህ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የጎንደር ብርድ እንዴት ያደርግሃል? ያ የደረት ሳልህስ ለቀቀህ? ጋቢህን ለጓደኛህ ሰጥተህ በነጠላ ታድራለህ የሚል ወሬ ደርሶኛል። ጽድቁን ጽደቅ፤ ግን አንተም ሰው ነህና ልበስ። የኔታን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እኔ ሥላሴ ይመስገኑ ደኅና ነኝ። እናታችንም ደኅና ናት፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብታ ከተመለሰች ወዲህ ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች፣ እኔንም እንደ ልጅነቴ ‘ተነሽ፣ ተቀመጪ’ ትለኛለች። ሜዳው ውኃ ይዟል፤ ከብቶቹ ወደ ዳገቱ ወጥተዋል። የሩዙን አረም ዘንድሮ ደቦው ይጨርሰዋል፤ እኔ እግሬን ጭቃ ውስጥ አላስገባሁም። ባለቤቴ ቄስ መንግሥቴም ደኅና ናቸው። ‘ያን ሰነፍ ደብዳቤ ጻፍ በይልኝ’ ብለውሃል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በስልክ ልመልስልህ አስቤ ነበር፤ ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ደግሞም የምነግርህ ነገር ‘ሃሎ፣ ይሰማል?’ እየተባለ የሚወራ አይደለም። ወደዚያ የሚመጣ የታመነ ሰው ስላገኘሁ ተቀምጬ ጻፍሁልህ።

‘እታለም፣ ባለቤትሽ በተማሩበት የርቀት ኮሌጅ ልመዝገብ ወይ?’ ብለሃል። ‘ጓደኞቼ ግማሾቹ ዕውቅና የሌለው የነገረ መለኮት ዲግሪ እሳት ማያያዣ ነው ይሉኛል፤ ግማሾቹ ደግሞ ዛሬ ያለ ዲግሪ ቅኔህን የሚቆጥርልህ የለም ይላሉ። አንቺ በቤትሽ አይተሽዋልና ዋጋ አለው ወይ?’ ነው ጥያቄህ። አለው ወይም የለውም ብዬ በአንድ ቃል ልገላገል ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ሁለቱም ውሸት ሆነብኝ። ስለዚህ የሆነውን ልንገርህና አንተው መዝነው።

ልጃችን ያረፈችበትን ክረምት ታስታውሳለህ። አንተ ለቅሶ የደረስኸው ውኃው ከጎደለ በኋላ ነውና የማታውቀው ነገር አለ። ሕፃኗ ትንፋሽ ሲከብዳት ቄሱ ከሜዳው ማዶ ቀብር ላይ ነበሩ። ስልክ ደውዬ ‘ክርስትና ሳትነሣ ልታልፍብኝ ነው፣ ይድረሱልኝ’ አልኋቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀኗ ሳይሞላም ትጠመቃለች፤ አንተም ታውቀዋለህ። ‘መጣሁ’ አሉኝ። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆኖ ነበር። የደረሱት በማግሥቱ ነው። እሷ አልጠበቀችም።

ክርስትና ስላልተነሣች ፍትሐት አልነበራትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር አሳረፏት። እኔ አራስ ነኝና ከቤት አልወጣሁም። ቄሱ ከዚያ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቆመው ‘እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ’ አሉኝ። ለሐዘንተኛ ሁሉ የሚሉት ቃል ነው። ቃሉ እውነት ነው፣ ወንድሜ፤ ግን ያን ቀን ከእሳቸው አፍ ልሰማው አልፈለግሁም። ከዚያ በኋላ በቤታችን የቀረው ወሬ ‘ራት ቀርቧል’፣ ‘በሬው ገብቷል’ ብቻ ሆነ። ‘ማዶ ተቀምጠው ውኃው እስኪጎድል ጠበቁ’ የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

በዓመቱ ከዚያ ኮሌጅ የተላከ አንድ ሰውዬ ወረታ መጣ። ካራቫት ያሰረ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ። ካህናቱን አዳራሽ ሰብስቦ የአብነት ትምህርታቸው ለመግቢያ እንደሚቆጠርላቸው፣ ከቤታቸው ሳይወጡ በአራት ዓመት ዲግሪ እንደሚይዙ፣ በፈለጉበት ቦታ እንደሚቀጠሩበት ነገራቸው። ቄስ መንግሥቴ በዚያው ቀን ተመዘገቡ። ለእኔ የነገሩኝ ባሕር ዳር ሄደን በመምህርነት እንደምንኖር ነው። ከዚያ ወይራ ሊሸሹ መሆኑን ግን አላጣሁትም። ለቅዳሴ በሄዱ ቁጥር መንገዳቸው በሥሩ ነው።

ሞጁሎቹ በአውቶቡስ ይመጡ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ ወር ሁለት ወር ይዘገያሉ። ስለ ትምህርቱ እውነቱን ልንገርህ። ግማሹ እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የሚያውቁትን አሳጥሮ፣ አንዳንዴም አሳስቶ የጻፈ ነው። አንድ ቀን የዳዊት ጥቅስ ግእዙ ተበላሽቶ ታትሞ አገኙና ብቻቸውን ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ከዚያ ክረምት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። ሌላው ግማሽ ግን ‘ይህን እኮ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም’ ያሰኛቸው ነው። የጎደለው መምህር ነው። ጥያቄ ሲነሣባቸው የሚከራከሩት ከግድግዳው ጋር ነበር። አንተ ቅኔህ ሲሰበር የኔታ ፊት ቆመህ ትገሠጻለህ፣ ትታረማለህ። እሳቸውን የሚገሥጽ አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት ‘እረኝነትና ምክር’ የሚባል ሞጁል መጣ። የቤት ሥራው አንድ ሐዘንተኛ ፈልግ፣ ስለ ሐዘኑ እንዲነግርህ ለምነው፣ እስኪጨርስ አታቋርጠው፣ ጥቅስ አትጥቀስለት፣ አታጽናናው፣ የነገረህን በራሱ ቃል ጽፈህ ላክ ይላል። ቄሱ ተቆጡ። ‘ካህን ካላጽናና ሐዘንተኛ ቤት ምን ሊሠራ ይሄዳል?’ አሉ። ወረቀቱን ይዘው ሰነበቱ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይዞን፣ እኔ ሩዝ እየለቀምሁ፣ እሳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ‘እናኑ፣ ያን ቀን ንገሪኝ’ አሉኝ።

‘ለኮሌጅዎ ነው?’ አልኋቸው። ‘ለኮሌጁ ነው’ አሉ። ሌላ ምክንያት ፈጥረው ቢሆን አፌን አልከፍትም ነበር።

ተናገርሁ። ከንፈሯ እንዴት እንደ ጠቆረ፣ ሁለት እጄ እሷን ይዞ ዕንባዬን መጥረግ እንዳቃተኝ፣ በር በሩን እያየሁ ኮቴያቸውን እንዳዳመጥሁ ነገርኋቸው። ‘የክርስትና ስም የሌላትን ልጅ በዚያኛው ዓለም ማን ብለው ይጠሯታል?’ እያልሁ እንቅልፍ ማጣቴን ነገርኋቸው። ‘እርስዎም ማዶ ተቀምጠው ውኃው እስኪጎድል ጠበቁ’ አልሁ። እርስዎ እያልሁ ሰደብኋቸው፣ ወንድሜ። አንድም ጊዜ ጣልቃ አልገቡም። ‘እግዚአብሔር ያውቃል’ እንኳ አላሉም። ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ።

ዝም ስል ዝናቡ አባርቶ ነበር። ‘ጨረስሽ?’ አሉኝ። ‘ጨረስሁ’ አልሁ። ‘እንግዲያ እኔም እንድናገር ትፈቅጂልኛለሽ?’ አሉ። ያን ቀን ስልኬን እንደ ሰሙ ቀብሩን ጥለው መውጣታቸውን፣ ሰው ሁሉ ‘ይቆዩ፣ ይበርዳል’ ሲላቸው መስቀላቸውን ጥምጣማቸው ውስጥ አስረው ውኃው ውስጥ መግባታቸውን፣ መሐል ላይ እግራቸው መሬት ማጣቱን ነገሩኝ። ጎረቤታችን ባየህ ከቀብሩ ተከትሏቸው ኖሮ በከብት ገመድ ጎትቶ አወጣቸው። እንደገና ሊገቡ ሲሉ ሰዎች ይዘው አስቀመጧቸው። ያደሩት ታስረው ነው ማለት ይቻላል።

‘ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለምን አልነገሩኝም?’ አልኋቸው።

‘ያልደረሰ ሰው መንገዱን ቢያወራ ምን ይጠቅማል?’ አሉኝና ራሳቸውን ጉልበቴ ላይ ጥለው አለቀሱ። ሩዙ ከሰፌዱ ተደፋ። ያነሣው አልነበረም። ባየህንም ሄጄ አልጠየቅሁትም፤ አላስፈለገኝም።

በዚያው ሳምንት እጄን ይዘው ወደ ወይራው ወሰዱኝ። ለቤት ሥራው ግን የጻፉት ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ‘አጭር ነው’ ተብሎ ‘ሲ’ ማርክ ተሰጣቸው። በአራቱ ዓመት ካገኙት ውጤት ሁሉ ዝቅተኛው እሱ ነው።

ሲመረቁ አብረን ባሕር ዳር ሄድን። የምረቃው ቆብ በጥምጣማቸው ላይ አልቀመጥ ብሎ እየወደቀ አሳቀን። ወደ ደብራችን ቁሐር ሚካኤል ስንመለስ ሰው በእልልታ ተቀበለን፤ ‘ዲግሪው ቄስ’ የሚል ስምም ወጣላቸው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል ሲባል አመለከቱ። ፈተናውን አለፉ። ከዚያ ማስረጃው ይጣራ ተባለ፤ ሲጣራም ‘ተቋሙ ዕውቅና ስለሌለው ዲግሪዎን ልንቆጥረው አንችልም’ አሏቸው። በጨዋነት ነው የነገሯቸው፤ ሰዎቹን አልወቅስም። ወደ ኮሌጁ ቢደውሉ ያው አንደበተ ጣፋጩ ሰውዬ ‘ዕውቅናው በሂደት ላይ ነው’ አላቸው። አራት ዓመት የሚከርም ሂደት ምን ዓይነት ነው!

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ቤት ገባ። ሐሙሲት ገበያ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ‘ሐሰተኛ ዲግሪ ይዘው ተያዙ’ ሆኖ ነው የተመለሰው። ያ ቃል ሰበራቸው። እህል አስጠላቸው። ማስተማሩን ተዉና ‘ሐሰተኛ የተባለ አፍ እንዴት ወንጌል ይናገራል?’ ይሉኝ ጀመር። ክህነታቸውንም እንዳይተዉ ፈራሁ። ምክር አልሰጠኋቸውም፤ ከጎናቸው ተቀምጬ ‘ይንገሩኝ’ አልሁ፤ እስኪጨርሱም አላቋረጥኋቸውም።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሳይበተን ተነሥተው ቆሙ። ‘ሐሰተኛ ዲግሪ ይዟል መባሌን ሰምታችኋል። ተምሬ ነው ያመጣሁት፤ የሰጠኝ ቤት ግን ዕውቅና የለውም። ስመዘገብ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም። መምህር ሆኜ ባሕር ዳር ልገባ አስቤ ነበር፤ በዚህ ዲግሪ አልተቀበሉኝም። ከገበያ የሰማችሁትን ከእኔም ስሙት’ አሉ።

ከሴቶቹ በኩል እመት አመተ ሥላሴ፣ ጆሯቸው ከብዷል መቼም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ‘እና አይሄዱም ማለት ነው?’ ብለው ጠየቁ።

‘አልሄድም፣ እናቴ’ አሉ ቄሱ።

‘እሰይ!’ አሉና እልልታውን ለቀቁት። ሴቱ ሁሉ ተቀበላቸው፤ ወንዱ አጨበጨበ። ለካ ያ ሁሉ ሰው ዲግሪው ቄሳቸውን እንዳይወስድባቸው ፈርቶ ኖሯል! ሰው ባልተሳካለት ነገር እንዲያ እልል ሲባልለት ያን ቀን ገና አየሁ። ቄሱ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ። ቤት ገብተው ሁለት እንጀራ በሉ። እኔም የዓመታት ትንፋሽ ከደረቴ ወጣ።

እንግዲህ መዝነው። እንጀራ ያበላኛል ብለህ ከሆነ፣ በእኛ ቤት አላበላም። ብትመዘገብ በማንም አንደበት አትመዝገብ፤ ‘ዕውቅናችሁን በጽሑፍ አሳዩኝ’ በላቸው። ካላሳዩህ ወይ እያወቅህ ግባበት፣ ወይ ተወው። ቅኔህን ግን ለእሱ ብለህ እንዳታቋርጥ፤ በእናታችን ጡት ይዤሃለሁ። ቄሱን ‘ምን ልበለው?’ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ‘ለወንበር ከሆነ ይቅርበት። ለራሱ ከሆነ ሞጁሎቼን ሁሉ ይውሰድ፤ ግእዙን አርሜለታለሁ’ አሉ። ይጸጸቱ እንደ ሆነም ጠየቅኋቸው። በሰውዬው እንደሚናደዱ፣ በተማሩት ግን እንደማይጸጸቱ ነገሩኝ። ዛሬ ሐዘንተኛ ቤት ሲሄዱ ቶሎ አይናገሩም። ቀሳውስቱ ‘ዝምተኛው’ እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ ሐዘንተኛው ግን እሳቸውን ጥሩልኝ ይላል። እኔ በበኩሌ ከዚያ ኮሌጅ ባሌን አግኝቻለሁ። ይህን የትኛው መሥሪያ ቤት አጣርቶ እንደሚያጸድቅልኝ አላውቅም።

ከወረታ መጻፌ ሳይገርምህ አልቀረም። ለክረምቱ ከእናታችን ጋር ከጤና ጣቢያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። የቄሱ አሳብ ነው፤ ሜዳው ሳይሞላ ገና በሰኔ አሻገሩን። ቤተ ክርስቲያኑም በእግር የሚደረስ ነው። እሳቸው ጎርፉ ጋብ ሲል በየሳምንቱ እየተመላለሱ ውኃ ይቀዱልናል፤ ጥምጣም ያሰረ ካህን ጀሪካን ተሸክሞ ሲያልፍ መንደሩ ይስቃል፣ እሳቸው ግን ደንታም የላቸው። እኔን እንኳን ጀሪካን ሰፌድም አያስነሡኝ። ቀደም ብዬ ስላልነገርሁህ አትቀየመኝ፤ አንዳንድ ነገር እስኪደርስ በአፍ አይጠራም።

የአባቶቻችን አምላክ ይጠብቅህ። ልቡናህን ብሩህ፣ ምላስህን የተፈታ ያድርግልህ። የተማርኸው ለሰው የሚተርፍ ይሁን። እመቤታችን በፍልሰታዋ ታስብህ፤ እኛንም አስበን፣ በተለይ እኔን በጸሎትህ አትርሳኝ።

ልዘጋው ስል ትዝ አለኝ። መስቀል ካለፈ በኋላ የኔታን አስፈቅደህ መምጣትህ አይቀርም። ስትመጣ ከጎንደር የማዕተብ ክር አምጣልኝ። ቀጭኑንና ለስላሳውን ምረጥ፤ ለጋ አንገት አይከርክር።

የምትወድህ እታለምህ